ሦስተኛው ሃሎ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን
ከአባባ ቤት፣ ከስልኩ ጠረጴዛ አጠገብ

ለድምቢጥ፤

«ውድ እህቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። «የተከበርሽ» ብል ደግሞ የመሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ይመስላል። ስለዚህ ገና ድክ ድክ ስትይ ባወጣሁልሽ ስም ጠራሁሽ። ከፍቅር እንዳትቆጥሪው፤ ሌላ ስም ስላጣሁልሽ ነው።

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አባባ ያስተማረን እንደዚያ ነው፦ ጤና፣ ከዚያ የቤተሰብ ደኅንነት፣ ከዚያ የአየሩ ሁኔታ፣ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ። እኔ ዛሬ ከጉዳዩ እጀምራለሁ። ቦታ ከተረፈኝ ጤናሽን መጨረሻ ላይ እጠይቃለሁ። ተናድጃለሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስናደድ ነው የሰነበትኩት። ትናንት ጠዋት አንሶላ ሳጥፍ ጎረቤቴ «ምን ወደቀ?» ብላ መጣች። አንሶላ ነው አልኳት። ፊቴን አይታ ተመለሰች።

ዘጠኝ ቀን የምልሽ ያቺ መልእክትሽ ከመጣች ወዲህ ነው። አራት ዓመት ከሁለት ወር ትንፍሽ ሳትይ ከርመሽ፣ እሑድ ልብስ ላሰጣ ስወጣ የሽርጤ ኪስ ተንቀጠቀጠ። ስልኬን አወጣሁት። «ሄሎ» ይላል። አጠገቡ ቢጫ እጅ ይወዛወዛል። ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ ወደ ታች ገፋሁት፤ የለም። ወደ ላይ ገፋሁት፤ የለም። ገብቼ መነጽሬን አመጣሁ። ያው ሄሎ ነው፤ ተለቅ ያለ ሄሎ።

በአራት ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ እኮ ሰው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ተፋቶ፣ ታርቆ እንደገና ይጣላል። አንቺ ሁለት ፊደልና አንድ እጅ ላክሽ። እጁም የራስሽ አይደለም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እቴቴ መጣች። አክስታችንን ታውቂያታለሽ፤ ስልክ የምትይዘው ለወጉ ያህል ነው እንጂ ድምፅዋ ያለ ስልክም ይደርሳል። መልእክቱን አሳየኋት።

«ታዲያ መልሺላታ!» አለች፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ።

«ምን ብዬ?»

«ሄሎ በያት!»

«እሷ ሄሎ፣ እኔ ሄሎ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታወራላችሁ!»

«እቴቴ፣ ይሄ ቃል ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንጀራዬ ነበር። ሃሎ ስላልኩት ቁጭ ብሎ ያወራኝ ሰው የለም። ‹መስመር ስጪኝ› ነው የሚሉኝ።»

«አንቺ ሰው አይደለሽም፤ ድንጋይ ነሽ!» ብላ ሻይዋን ጨልጣ ሄደች። ድንጋይ ብትለኝም ሻዩን አልተወችልኝም።

ግን እውነቴን ነው። አንቺም ከስልክ ማዞሪያው ፊት አሥራ አንድ ዓመት ከጎኔ ተቀምጠሽ ብለሽዋል፤ በቀን ስድስት መቶ፣ ሰባት መቶ ጊዜ። ማዳመጫው ጆሯችንን እያሳከከ፣ ገመዱን ከዚህ ቀዳዳ ነቅለን እዚያኛው እየሰካን፣ አይተነው የማናውቀውን ሰው አይተነው ከማናውቀው ሰው ጋር ስናገናኝ ኖርን። አንድ ቀን ግን «ይህ ቀኑን ሙሉ የምንለው ነገር ምንድን ነው?» ብለን አልጠየቅንም። ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጡረታ የምንወጣው ቀደም ብለን ነበር።

እናም ንዴቴን ሥራ ላስይዘው ብዬ የአባባን መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ አወረድኩ። ያንን ወፍራሙን። ባለቤቱ እንዲጠረዝለት አምጥቶት በዚያው ቀረ። ያመጣው የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን «ይሄ ሲያልቅ አመጣለሁ» ብሎ ነበር። አባባ በቡናማ ቆዳ ጠርዞ፣ ጀርባው ላይ በወርቃማ ቀለም ጽፎበት፣ «ሰውዬው ይመጣል» እያለ ሃያ ዓመት ጠበቀው። ስለዚህ በእኛ ቤት እንግሊዝኛ መሐሉ ላይ ይቆማል። እስከ ፊደሉ ግማሽ ሁሉን እናውቃለን፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ሃሎ ዕድለኛ ቃል ነው፤ በመጀመሪያው ግማሽ ውስጥ አለ። «ሶሪ» የሚሉት ያለው ሁለተኛው ቅጽ ላይ ነው፤ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ምን ይላል መሰለሽ? ሲጀመር ሰላምታ አልነበረም። ርቆ የሚሄድን ሰው ለማስቆም፣ ወይም ጆሮውን ለመሳብ የሚጮኹት ጩኸት ነው። «አንተ! ቁም እንጂ!» እንደምንለው። ወይም ደግሞ ሰው ያልጠበቀውን ነገር ሲያይ የሚያመልጠው ቃል ነው፤ መሳቢያውን ሲስበው አይጥ ቁጭ ብላ ብትጠብቀው «እንዴ!» እንደሚለው። ስለ ጤና የሚጠይቅ አንዳች ነገር የለበትም። እኛ «እንደምን አደርሽ» ስንል፣ መልሱን ባንሰማው እንኳ ስለ ሌሊቱ ጠይቀናል። «ጤና ይስጥልኝ» ስንል ተመኝተናል። ሄሎ አይጠይቅም፣ አይመኝም። «እዚያ ሰው አለ?» ነው፤ በቃ። እኛም ብንሆን ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው አንለውም፤ ለማናየው ድምፅ ነው ያስቀመጥነው። አንቺ ታዲያ እኔን ለየትኛው ጩኸት አስበሽኝ ነው? ለአላፊው ነው ለአይጧ?

ይህም አልበቃኝም። ሐሙስ ዕለት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እዚያ የሚሠራው ሰውዬ፣ የክራቫቱን ጫፍ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ የሚከት ሰው ነው፣ «ስለ ምን ጉዳይ ነው የሚፈልጉት?» አለኝ።

«ስለ ሃሎ።»

ፈገግ ብሎ «ሃሎ» አለኝ።

«ሰላም ማለቴ አይደለም። ስለ ቃሉ ነው።»

«እ... ስለ ቃሉ። ለጥናት ነው?»

«ለጠብ ነው።»

አንድም ነገር ሳይጠይቅ ሦስት መጽሐፍ አመጣልኝ። ለጥናት ብለው ኖሮ «ነገ ይምጡ» ይለኝ ነበር።

ሊቃውንቱ እንደ እኛ ዘመዶች ናቸው፤ በአንድ ነገር አይስማሙም። አንደኛው ቃሉ አዳኞች ውሾቻቸውን ለማነሣሣት ከሚጮኹት ጋር ይዛመዳል ይላል። ሁለተኛው ከወንዝ ማዶ ያለን ጀልባ ቀዛፊ ለመጥራት ከሚሉት ጥንታዊ ጩኸት ሳይመጣ አይቀርም ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም ይጠራጠርና ገጹን ይሞላል። ስልክ ሲመጣ ደግሞ፣ ስልኩን የሠራው ሰው መርከበኞች የሚጣሩበትን ቃል እንዲሉበት ፈልጎ ነበር አሉ። «ሃሎ ይሻላል» ብሎ ያሸነፈው ሌላ የፈጠራ ሰው ነው። ማዞሪያ ላይ የሚቀመጡትን ሴቶች «የሃሎ ልጃገረዶች» ይሏቸው ነበር። እኛን «እናንተ እዚያ ተኝታችኋል እንዴ?» ይሉን እንደነበር ሳስበው ቀናሁባቸው። ከጥንቶቹ የስልክ መመሪያዎች አንዱ ደግሞ፣ ንግግራችሁን ስትጨርሱ «ይኸው ነው» በሉ ብሎ ይመክራል። ደኅና ዋሉ የለ፣ እግዜር ያቆየን የለ፤ ይኸው ነው። ይህን የጻፈውን ሰውዬ ባገኘው አገባው ነበር።

የጀልባው ነገር ግን አላስቀመጠኝም። በመንገዱ ሁሉ አብሮኝ መጣ። አንዱ ዳር ቆሞ ይጮኻል፤ ቀዛፊው ማን እንደጠራው አያውቅም፣ ግን ተነሥቶ ይቀዝፋል። ሥራው ነዋ! እና አንቺ ከባሕር ማዶ ሆነሽ ሁለት ፊደል ወርውረሽ እኔ እንድቀዝፍልሽ ነው? ጉልበቴ እንኳ ከአልጋ እስከ ወጥ ቤት በልመና ነው የሚያደርሰኝ። የአውቶቡሱ ሹፌር «እማማ፣ ወራጅ አለ ይበሉ እንጂ በሩ ላይ አይጩኹ» አለኝ። ጮኼ ነበር ማለት ነው።

ዓርብ የመስመር ሠራተኛው መጣ። ቀጮ ነው፤ ምሰሶ ላይ ሲወጣ «ምሰሶው የቱ ነው?» እያልን የምንስቅበት። አሁን ብታይው ምሰሶውን ከነሽቦው አክሏል፤ ስሙ ግን ቀጮ እንደሆነ ቀርቷል። ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ከዚህ ሠፈር የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። የመዳቡን ገመድ በሙሉ ልናነሣው ነው። ኅዳር 30 ይቆረጣል።»

«እሺ።»

«ለመሆኑ በዚህ ስልክ ማን ይደውልልሻል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን አቆየሽው?»

«የሚደውለው ሰው በቃሉ የያዘው ይህንን ቁጥር ስለሆነ።»

«ማንም አይደውልም አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

ራሱን አከከ። ገብቶ ስልኩን አየው፤ በኮሪደሩ አድርጎ እስከ አባባ መጠረዣ ክፍል የሚሄደውን ረጅሙን ሽቦ በዓይኑ ተከተለው። አባባ ከአልጋ መውረድ ሲያቅተው፣ አልጋው ላይ ሆኖ እንዲያናግርሽ ብዬ ያስዘረጋሁት ነው።

«ይቺን እኔ ነኝ አይደል የዘረጋኋት?»

«አንተ ነህ።»

«ደረሰችለት?»

ወረቀቱ ላይ ፈርሜ ሸኘሁት። ለጥያቄው መልስ አልሰጠሁትም፤ መልሱን ላንቺ ነው የምጽፈው። ግን ቆይ፤ ንዴቱን በቅደም ተከተል ልናደደው።

ወይዘሮ ሰዓትን ታስታውሻታለሽ። አንዲት ደቂቃ ያረፈደችን «ደኅና አመሸሽ?» ብላ የምትቀበለው አለቃችን። አንቺ ሥራ የጀመርሽ ቀን፣ እኔ እንደምሰማ እያወቀች፣ እጇን ወንበርሽ ላይ አድርጋ ምን አለችሽ? «መስመሩ ዝም ሲል፣ ሦስት ጊዜ ሃሎ ሳትል ገመድ የነቀለች ከዚህ ወንበር ትነቀላለች። የመጀመሪያው ሃሎ ለሰውየው ነው። ሁለተኛው ለመስመሩ ነው፤ መስመርም ይደክመዋል። ሦስተኛው ለራስሽ ነው፤ ቤትሽ ስትገቢ እንቅልፍ እንዲወስድሽ።» ሻይ ዕረፍት ላይ እንዴት አድርገሽ አስመሰልሻት! ሳቃችን ኮሪደሩ ድረስ ተሰማና ሁለታችንም ተጻፈብን። ሕጉን ግን ቤት ድረስ ይዘነው ገባን። አባባ እንኳ ሙጫ የነካ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ስልክ ሲያነሣ፣ መልስ ቢያጣም ሦስቴ ሳይል አይዘጋም ነበር።

እና ያኔ፣ አባባን ቀብረን ዘመድ ሁሉ ሳሎን ሞልቶ «ለመሆኑ ትንሿ አልደወለችም?» ሲባል፣ እኔ ተነሥቼ ምን አልኩ? «ረቡዕ ደውላ ነበር። ሦስት ጊዜ ሃሎ አልኩ። መልስ የለም፤ ዘጋሁ።» ማንም አልተከራከረኝም። በእኛ ቤት ሦስት ሃሎ ማስረጃ ነው፤ ከሱ በላይ ይግባኝ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘመድ አፍ አንቺ «አባቷ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ደውላ ቃል ያልተነፈሰች» ሆንሽ። ሰርግ ላይም ይነሣል፣ ምርቃት ላይም ይነሣል። እኔ ቤት ውስጥ ብቻ ነው የማይነሣው፤ ስምሽ በዚህ በር እንዳይገባ እቴቴን አስምያት ስለነበር።

ትናንት ያቺው እቴቴ ተመልሳ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«መለስሽላት?»

«አልመለስኩም።»

«ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የምትጠያት? መሐላሽን እዚያው! ዛሬ እናገራለሁ! ያኔ እንኳ ‹ለምን ዝም አልሽ?› ብዬ ስቆጣት፣ ‹እትዬ ሦስቴ ሃሎ ብላለች፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው› ነው ያለችኝ! አንድ ክፉ ቃል ባንቺ ላይ አልወጣትም!»

«ምን አለች?»

«ጥፋቱ የኔ ነው አለች!»

«ከሱ በፊት ያለውን።»

«ሦስቴ ብላለች አለች!»

«ሦስቴ?»

«ሦስቴ! ደነቆርሽ እንዴ?»

እውነተኛው ንዴት የመጣው ያኔ ነው፤ የዘጠኙ ቀን ልምምድ ነበር። ስሚ፣ አንቺ! ማን ዋሺልኝ አለሽ? ማን ላከሽ? አሥራ አንድ ዓመት ሃሎ ስትቆጥሪ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ በእንቅልፍሽ እንኳ ቁጥር አይሳሳትሽም። አንድ፣ ሁለት፣ ጸጥ። ያን ቆጥረሻል። ቆጥረሽ ስታበቂ ለዘመድ ሁሉ «ሦስት ነው» ብለሽ መሰከርሽልኝ፤ አራት ዓመት ስምሽን አስረገጥሽ። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ፣ ዝም ማለትሽን የጥፋትሽ ማረጋገጫ አድርጌ፣ በምሕረትሽ ሥር መሆኔን ሳላውቅ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ስሄድ ኖርኩ። ሰው እንዲህ ይደረጋል? ብትሰድቢኝ እሰድብሽ ነበር፤ እንጨራረስና እንታረቅ ነበር። ጥፋቴ የኔ ነው። አንቺ ዘንድ ምን ይሠራል? መልሺልኝ!

የቀጮ ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደ እጄ አይታዘዘኝም።

ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት እደውላለሁ ብለሽ ነበር፤ ፈቃድ ተሰጥቶሽ መምጣት አለመምጣትሽን ልትነግሪን። አባባ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነቅቶ ነበር። ጺሜን ላጪኝ አለ፤ ላጨሁት። ነጩን ሸሚዝ አለ፤ አለበስኩት፣ አንገቱ ሰፍቶት ሁለት ጣት ያስገባል። «በስልክ እኮ አታይህም አባባ» ስለው፣ «እኔ ግን ራሴን አያለሁ» አለኝ። ትራስ ደግፌው ተቀመጠ። አሥራ አንድ ወር ሳገላብጠው እንደዚያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦልኝ አያውቅም። ይህንን ልብ በይው፦ አሥራ አንድ ወር። ቀን ከሌት እኔ፤ ነጩ ሸሚዝ ግን ላንቺ።

ስልኩ ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ፣ አነሣሁት።

«ሃሎ።»

ጸጥ አለ። ሁለት ዓይነት ጸጥታ እንዳለ እኔና አንቺ እናውቃለን። የሞተ መስመር ጆሮ ውስጥ እንደ ጥጥ ነው። ሕያው መስመር እንደ ክፍል ነው፤ በሩ የተከፈተ ክፍል። ይህ ክፍል ነበር።

«ሃሎ።»

ያኔ ትንፋሽሽን ሰማሁ። በአፍንጫሽ አጠር አድርገሽ የምትስቢውን፤ ልጅ ሆነሽ ብርጭቆ ሰብረሽ ከመናገርሽ በፊት የምትስቢውን፤ ማዞሪያው ላይ ለደንበኛ «መስመሩ አልተገኘም» ከማለትሽ በፊት የምትስቢውን። ገባኝ። አልመጣም ልትይ ነው። ቃሉ ከአፍሽ ሳይወጣ እኔ ሰማሁት። እና ሦስተኛውን ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ከክፍሉ ውስጥ «እሷ ናት?» የሚል የአባባ ድምፅ መጣ፤ እንደዚያ ያለ የደስታ ድምፅ አሥራ አንድ ወር ሰምቼው አላውቅም። ስልኩን አስቀመጥኩት። ለሱ አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ለእቴቴ እንደዚያ ልላት ዳድቶኝም ነበር። ግን አይደለም። ቀንቼ ነው።

ገባሁ። «መስመሩ ነው አባባ» አልኩት።

«መስመሩ?»

«መስመሩ።»

«ሦስቴ አልሽ?»

«ብያለሁ።»

ጆሮው ደከም ብሎ ስለነበር አልቆጠረም ብዬ ነበር። አሁን ግን፣ ያንቺን ከሰማሁ በኋላ፣ እሱም ቆጥሮ ዝም ያለ ይመስለኛል። ቆጥሮ ዝም ማለት ከሱ ነው የወረስሽው። «እንግዲያው ደግማ ትደውላለች» አለኝና ነጩን ሸሚዝ እንደለበሰ እስከ ስድስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ጠበቀሽ። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፤ አውራ ጣቱ የማይታይ መጽሐፍ ጀርባ ያለሰልሳል። አልደወልሽም። ዓርብ አረፈ።

ሽቦዋ አልጋው ድረስ ደርሳለች። ስልኩን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ ያልደረስኩት።

አንቺም ግን አታመልጪኝም። አንዲት ቃል! «እትዬ» ብትይ ምን ትሆኛለሽ? ለምን ደግመሽ አልደወልሽም? እኔ በሁለተኛው ከዘጋሁ አንቺ በመጀመሪያው ዝም ብለሻል። ይህንን ስትደውዪ በሰፊው እንጣላበታለን፤ ዝርዝር ይዣለሁ።

ለእቴቴ ትናንትናውኑ ነገርኳት። «ሁለቴ ነው ያልኩት» አልኳት። የጀመረችውን ሻይ አስቀመጠች። በስድሳ ሦስት ዓመቴ አክስታችን ሻይ ስትተው ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በሹክሹክታ፣ አዎ በሹክሹክታ፣ «ለሁሉም እነግራለሁ» አለችኝ። «ንገሪ» አልኳት። እስካሁን ግማሹ ዘመድ ሰምቷል፤ የቀረው ግማሽ መስኮቱን ዘግቶ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አንሶላ ሳጥፍ አልመጣችም፤ ከመስኮቷ ብቻ አየችኝ። ይገባኛል።

ይህ ደብዳቤ አንቺ ዘንድ ለመድረስ አሥራ አምስት ቀን ይፈጅበታል፤ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ናት ያለችኝ፣ «ከፈለገ» ብላ። ስልኩ ኅዳር 30 ይቆረጣል። በመሐሉ አራት ረቡዕ አለ። በአራቱም ጠዋት በአራት ሰዓት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። በተንቀሳቃሹ አትደውዪልኝ፤ እሱ ላይ የሚጮኸው ሁሉ አይጥ ያየ ነው የሚመስለኝ። በዚህኛው፣ በልጅነታችን በቃልሽ በያዝሽው ቁጥር። መናገር ካልቻልሽ ዝም በይ፤ ትንፋሽሽን አውቀዋለሁ። እኔ አልነቅልም። መስመሩን ቀጮ ራሱ መጥቶ ከጆሮዬ ላይ ይቁረጠው።

አሁን ጤናሽን ልጠይቅ። እንደምን ነሽ? ግራ ጆሮሽ አሁንም ያሳክክሻል? ወገብሽስ? ጫማ ሳታደርጊ ቀዝቃዛ ወለል ላይ መሄድሽን ትተሻል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ከጉልበቴና ከእንቅልፌ በስተቀር። እንቅልፉን ወይዘሮ ሰዓት ቀድማ ነግራኛለች። የአባባ መጠረዣ ክፍል እንዳለ ነው፤ ጭቃውን ከመስኮቱ አጥቤዋለሁ፣ አልጋውን ወደ ብርሃኑ አዙሬዋለሁ። እንዲያው ነው ያዞርኩት።

የመምጣት ነገር ከተሳካልሽ፣ የመዝገበ ቃላቱን ሁለተኛ ቅጽ ፈልገሽ ይዘሽልኝ ነይ። እዚህ ከየትም አላገኘሁትም። የማየው አንድ ቃል አለኝ።

እግዜር ከዝምታ ይጠብቅሽ፤ ከራስሽም ከኔም። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የምንጣላበት ብዙ አለን።

ይኸው ነው።

እህትሽ፣
እትዬ

ሃሎ።